የኤስኤስኤች ቁልፍ አስገብቼ አሁንም ፓስወርድ ይጠይቀኛል

ጠያቂ፦ ሰላም። ኡቡንቱ 22.04 ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች (ከርቀት በተርሚናል መግቢያ) ያለ ፓስወርድ ልግባ ብዬ ፐብሊክ ኪዬን (የቁልፉን ይፋዊ ክፍል) ኦቶራይዝድ ኪስ ፋይል (የተፈቀዱ ቁልፎች ዝርዝር) ውስጥ ጨምሬያለሁ፣ የፋይሉንም ፈቃድ 600 (ማንበብና መጻፍ ለባለቤቱ ብቻ) አድርጌዋለሁ። ስገባ ግን ፓስወርድ ይላል። ምን ቀረኝ?

መልስ 1፦ ፋይሉ ብቻውን አይበቃም። የኤስኤስኤች ፎልደሩ ፈቃድም 700 (ለባለቤቱ ብቻ ክፍት) ይሁን። ከሁሉም በፊት ግን ሆም ዳይሬክተሪህን (ሰርቨሩ ላይ ያለውን የግል ፎልደርህን) እይ፤ 777 ከሆነ ማንም ሊጽፍበት ስለሚችል ሰርቨሩ ቁልፉን አያምነውም፣ ምንም ሳይልህ ወደ ፓስወርድ ያልፋል። ሌላ ሰው እንዳይጽፍበት 755 ወይም 750 አድርገው። ኦዝ ሎጉ (የመግቢያ መዝገቡ) ላይ «ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ» (የባለቤት ወይም የፈቃድ ችግር) የሚል መስመር ካገኘህ ነገሩ ይኸው ነው።

መልስ 2፦ ባለቤቱንም አረጋግጥ። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ከፈጠርከው ፋይሉ የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ ነው፤ በቾውን (ባለቤት መቀየሪያ ትዕዛዝ) ወደ ራስህ መልሰው። ናኖ (የጽሑፍ ማረሚያ) ላይ ስትለጥፈው ቁልፉ ለሁለት ተሰብሮም ይሆናል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ነው።

ጠያቂ፦ ሆሙ 777 ነበር! 755 ሳደርገው ገባ፤ ተባረኩ። ፓስወርዱን አሁን ልዝጋው?

መልስ 1፦ ዝጋው፤ የተከፈተውን ተርሚናል ግን በሌላ መስኮት መግባትህን ሳትሞክር እንዳትነካው። ዋናው የኤስኤስኤች ኮንፊግ (ቅንብር ፋይል) ላይ የፓስወርድ መግቢያውን «ኖ» ብለኸው አልሰማ ካለ፣ ኮንፊግ ዲ ፎልደር ውስጥ ስሙ በ50 የሚጀምር የክላውድ ኢኒት (ሰርቨሩን መጀመሪያ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም) ፋይል ካለ ክፈተው። እሱ ከዋናው በፊት ይነበባል፤ ቀድሞ የተነበበው ነው የሚያሸንፈው።