የማታ ጸሎቴና ሐኪሜ ያዘዘችልኝ የአተነፋፈስ ልምምድ አብረው ይሄዳሉ?

ጽሞና
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

ማታ ከመተኛቴ በፊት መቁጠሪያ ይዤ እጸልያለሁ። ያስተማረችኝ አያቴ ናት። አንድ አጭር ልመና አለች፤ በየፍሬው ያቺኑ እደግማለሁ። በቅርቡ ጭንቀት ስለበረታብኝ ሐኪም ዘንድ ሄጄ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሐኪሟ የአተነፋፈስ ልምምድም አሳየችኝ፦ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ቤት ገብቼ ስሞክረው ገረመኝ። መቁጠሪያ ይዤ የምተነፍሰው እኮ ልክ እንደዚያ ነው። ስስብ ዝም እላለሁ፣ ሳስወጣ ልመናዋን እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ በስማርት ሰዓቴ የልብ ምቴን እያየሁ ነው የምጸልየው። ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ይለኛል። ሳይወርድ የሚቀርበት ማታም አለ። ያኔ ጸሎቴ የከሸፈ ይመስለኛል፣ እንቅልፌም ይጠፋል። እህቴ «እግዜርን በማሽን ልትፈትኚው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። የሥራ ባልደረባዬ በበኩሉ «ጸሎት ማለት አተነፋፈስ ነው፣ ሳይንስ ደርሶበታል» ይለኛል። የሁለቱም ንግግር አልተዋጠልኝም። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል? ሳይንሱስ በእርግጥ ምን ያህል ያውቃል?

የሌሊት ተረኛ
ጽሞና እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሕሙማንን የልብ ምት የሚያሳየውን ሞኒተር ስለማይ ከዚያው ልጀምር።

የተረጋጋ፣ በራሱ የሚተነፍስ ሰው የልብ ምቱ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። አየር ሲስብ 70፣ 73፣ 75 እያለ ይወጣል። ሲያስወጣ 71፣ 68 እያለ ይወርዳል። በተለይ ወጣቶች ላይ ጎልቶ ይታያል። አዲስ የሚመጡ ነርሶች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ የልብ ችግር ይመስላቸዋል። የጤነኛ ልብ ምልክት መሆኑን ሳስረዳቸው ፊታቸው ሲፈታ ማየት ደስ ይለኛል። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ወደ ልብ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ፤ የልብ ፍሬን በይው። አየር ስናስወጣ ፍሬኑ ይያዛል፣ ስንስብ ላላ ይላል። ሐኪምሽ ማስወጣቱን አስረዝሚው ያለችሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መቁጠሪያሽ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አንድ ጥናት አሳተሙ። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን እንዲደግሙ አደረጉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ በቲቤት ቡዲስቶች ዘንድ የታወቀ አንድ አጭር የጸሎት ሐረግ አስደገሟቸው። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወረደ። ዐዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ነው። ለምን 6 ላይ? የደም ግፊታችን በራሱ ጊዜ፣ በየ10 ሴኮንዱ ገደማ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። በደቂቃ 6 ጊዜ ስንተነፍስ ትንፋሹ ከዚያ ጋር ይገጥማል። ሰውነት የደም ግፊቱን የሚያስተካክልበት ሥርዓትም ነቃ ይላል። ሞኒተር በሌለበት ዘመን የኖሩ ሰዎች በመደጋገም ብቻ እዚህ ምት ላይ መድረሳቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ግን ልብ በይ። ጥናቱ 23 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፤ ያየውም በዚያው ሰዓት ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ብቻ ነው። ጭንቀት ይድናል አላለም። ጸሎት ምን እንደሆነም አልጠየቀም። ትንፋሽን የለኩት የሚለካ ነገር ስለሆነ ነው። ባልደረባሽ የተለካውን ይዞ ሌላው ሁሉ የለም ማለቱ ከጥናቱ የመጣ አይደለም።

የኔ ምክር ስትጸልዪ ሰዓቱን አውልቂው ነው። ልብ በብዙ ምክንያት ይፈጥናል፦ ትኩሳት፣ ሙቀት፣ ያለፈው ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ ገና ከደረጃ መውጣትሽ። ያ ቁጥር ለጸሎትሽ የተሰጠ ማርክ አይደለም። መለካት ካስደሰተሽ ሐኪሟ ያሳየችሽን ልምምድ ቀን ላይ ለብቻው ሥሪ፣ ያኔ ሰዓትሽን እይ። ትንፋሽሽን ደግሞ አታስገድጂው። በረጅሙ እየሳብሽ ስታበዢው ደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ራስሽን ያዞርሻል፣ ጣቶችሽን ውርር ያደርግሻል። እንደዚያ ከሆነ ተዪውና እንደ ወትሮሽ ተንፍሺ።

አዛውንቱ
ልጄ፣ እህትሽ የተናገረችው ከፍቅር ነው፣ አትቀየሚያት። እኔም ዕድሜዬን በጸሎት የቆየሁ ሰው ነኝ። ሳይንስን አልፈራም፣ ለጸሎቴ ምስክር እንዲሆንልኝ ግን አልፈልግም።

ኸርበርት ቤንሰን የሚባል የሃርቫርድ የልብ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድ ቃል እየደጋገሙ፣ የሚመጣውን ሐሳብ ሳይታገሉ መቀመጥ የልብ ምትንና ሰውነት የሚጠቀመውን ኦክስጅን እንደሚቀንስ አሳየ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ይኸው ተረጋገጠ!» አለ። ያው ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ከሌሎች ጋር ሆኖ የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ 1,802 ሕሙማን ላይ ሌላ ጥናት አወጣ። የማያውቋቸው ሰዎች ከሩቅ ሲጸልዩላቸው ይሻላቸው እንደሆነ ለማየት ነበር። የተጸለየላቸውና ያልተጸለየላቸው ልዩነት አላሳዩም፤ የጤና መታወክ የገጠማቸው 52 እና 51 በመቶ ነበሩ። እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው ደግሞ 59 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያው ጥናት እምነቱን ያጸና ሰው በሁለተኛው ምን ሊሆን ነው? እኔ ለታመመ ወዳጄ የምጸልየው ስለምወደው ነው። የመቶኛ ስሌት ከዚያ አያስቆመኝም።

መንገደኛ
አንድ ነገር ልጨምር። ዝም ብሎ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ለሁሉም አይስማማም። እኔ ሜዲቴሽን ስጀምር የቆየ ክፉ ትዝታ ተነሳብኝ፣ ደረቴን ጭንቅ ያደርገኝ ነበር። «ፈተና ነው፣ ታገስ» ያሉኝ ነበሩ። የረዳኝ ግን ለባለሙያ መንገሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የ83 ጥናቶች ግምገማ ሜዲቴሽን ከሚሠሩ ሰዎች 8 በመቶ ገደማው ጭንቀትን የመሰለ መጥፎ ነገር እንደሚገጥማቸው አግኝቷል። አሁን ዓይኔን ገልጬ፣ ቀስ ብዬ እየተራመድኩ ነው የምሠራው። ተስማምቶኛል። አንቺም ከባሰብሽ በግድ አትቀጥዪ።

ጽሞና
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ሰዓቱን አውልቄ ጸለይኩ፣ ቀለል አለኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰውዬው «በኳንተም ኃይል አእምሮህ ይፈውስሃል፣ መድኃኒቱን ወርውር» ይላል። ሜዲቴሽን ከጭንቀት መድኃኒት እኩል መሆኑ ተረጋግጧልም ይላል። እውነት አለው?

የሌሊት ተረኛ
እህቴ፣ ይሄ ነው የሚያስቆጣኝ። እውነት የሆነች ቁራጭ ይዞ ነው ሰው የሚያሳስተው።

ጥናቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ኤሲታሎፕራም የሚባለውን መድኃኒት ወሰዱ። ሌሎቹ ጆን ካባት ዚን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የጀመረውን የ8 ሳምንት ሥልጠና ወሰዱ፤ ማይንድፉልነስ የሚባል፣ ልብን አሁን ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ የሜዲቴሽን ዓይነት ነው። ሥልጠናው ከመድኃኒቱ አላነሰም። እኔ በዚህ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ሥልጠናው ምን እንደነበር እይ፦ በየሳምንቱ ከአሠልጣኝ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንድ ሙሉ ቀን በመሃል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ። አንድ ቪዲዮ አይቶ ክኒን መወርወር የሚል እዚያ ውስጥ የለም።

ኳንተም ደግሞ የአተሞችና ከእነሱ የሚያንሱ ቅንጣቶች ፊዚክስ ነው። ከጭንቀት መዳን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ትልቅ ቃል ስለሆነ ብቻ ነው የሚጠሩት።

እንዲህ ያለ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ራስ ያዞራል፣ ያነጫንጫል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አንዳንዱ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ነዘር የሚያደርገው ያህል ይሰማዋል። ጭንቀቱም ሊመለስ ይችላል። የሚቆመው በሐኪም ክትትል፣ መጠኑን ቀስ በቀስ በመቀነስ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ስለ መቁጠሪያው ለሐኪምሽ ንገሪያት። እንዴት እንደምትተነፍሺ እዚያው አሳያት፤ ልምምዱን ከጸሎትሽ ጋር ልታስማማልሽ ትችላለች። ክኒኑን ግን እሷ ሳትልሽ እንዳታቋርጪ።