ሾክ ልቀይር ነው፦ ለእናቴ ወገብ የሚራራ፣ ኩርባ ላይ የማያሳፍር የቱ ነው?

ባለ ኮሮላው

ሰላም ለሁላችሁ። የ2005 ሞዴል ኮሮላ ነው የምነዳው፤ 210 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ሾኮቹ ከፋብሪካ አብረውት የመጡት ሳይሆኑ አይቀሩም። የፊት ቀኙ ዘይት አፍስሶ ላዩ ላይ አቧራ ተለስኖበታል። ጉብታ ካለፍኩ በኋላ መኪናው ሁለት ሦስቴ ይወዛወዛል። ፍሬን ስይዝ አፍንጫውን መሬት ሊተክል ይደርሳል። የሚገርመው፣ እንዲህ ተልፈስፍሶም አይመችም። ትንሽ ጉድጓድ ሲገባ "ጓ!" ይልና እስከ ጥርሴ ይሰማኛል።

የጨነቀኝ ምርጫው ነው። እናቴን በሳምንት ሁለቴ ሕክምና አመላልሳለሁ። ወገቧን ያማታል፤ የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ ጉድጓዱን አንድ በአንድ ቆጥራ ትነግረኛለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ብቻዬን ረጅምና ጠመዝማዛ መንገድ እነዳለሁ፤ ኩርባ ላይ ሲያጋድል አልወድም። መካኒኬ "ጠንካራውን ግጠም፣ ዕድሜ አለው" ይላል። ጓደኛዬ ስፖርት የሚባለውን ገጥሞ ሚስቱ ሁለተኛ አልሳፈርም ብላለች። ኬዋይቢ ኤክሴል-ጂ፣ ቢልስታይን ቢ6 እና ኮኒ ሲባል እሰማለሁ። የቱን ትላላችሁ? የፊት ቀኙን ብቻ ብቀይርስ?

ፈጣኑ

ቢ6 ግጠምና ተገላገል። እኔ ከገጠምኩ ወዲህ መሪው እንደ ምላጭ ሆኗል። እናትህም ትለምደዋለች።

ጡረተኛው መካኒክ

ፈጣኑ፣ ወንድሜ፣ በሰው እናት ወገብ አትፍረድ።

ባለ ኮሮላው፣ ከመኪና ሥር ተኝቼ ነው ያረጀሁት፤ ብዙ ሾክ አውጥቼ ገጥሜያለሁ። "ለስላሳ ነው ጠንካራ?" ብለህ ከጀመርክ መንገድ ትስታለህ። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ሥራው ሌላ ነው፤ ሞላው ሲጨመቅና ሲመለስ የሚያመጣውን መወዛወዝ ያበርዳል። ዘንጉ ፒስተኑን ዘይት ውስጥ ይገፋዋል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳና በቫልቭ ተጨንቆ ያልፋል፤ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ኮረኮንች ነድተህ እንደቆምክ ሾኩን በእጅህ ብትነካው ይሞቃል።

አሁን አለመመቸቱን ለሁለት ክፈለው። አንዱ መዋለል ነው፦ ፍሬን ስትይዝ መድፋቱ፣ ኩርባ ላይ ማጋደሉ፣ ከጉብታ በኋላ መወዛወዙ። እዚህ ላይ ዘንጉ የሚሄደው በዝግታ ነው። ሌላው ምት ነው፦ ጎማህ የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ ዘንጉ በአንዴ ይወረወራል። ጥሩ ሾክ ዝግታውን ያዝ፣ ምቱን ለቀቅ ያደርጋል። ርካሽ "ጠንካራ" ሾክ ሁለቱንም አንቆ ይይዛል። ያለቀ ሾክ ሁለቱንም ይለቃል፤ ያንተ እዚህ ደርሷል። ያ "ጓ!" የሚለው ሾኩ ጠንክሮ አይመስለኝም። ሾኩ መያዝ ሲያቅተው ዘንጉ እስከ መጨረሻው ገብቶ ማቆሚያውን ጎሚኒ እየመታ ነው። እሱም በዚህ ዕድሜው ፍርፋሪ ሆኖ ይሆናል።

የጓደኛህ ሚስት የተማረረችበትንም እገምታለሁ። ሾክ ሲጨመቅና ሲመለስ ኃይሉ እኩል አይደለም፤ ሲመለስ ጠበቅ ይላል። ይሄ ሲበዛ፣ ተከታታይ ጉድጓድ ላይ ሞላው ተዘርግቶ ሳይጨርስ ቀጣዩ ይደርስበታል። መኪናው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመታህ መንገዱ ራሱ ነው።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። ኤክሴል-ጂ ባለ ሁለት ቱቦ ነው፣ ማለት ቱቦ በቱቦ ውስጥ፤ በአነስተኛ ግፊት ጋዝ አለው፤ የተሠራውም መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን አነዳድ ለመመለስ ነው። የቢልስታይን ቢ4ም ሐሳቡ ያው ነው። ቢ6 ባለ አንድ ቱቦ ነው። ጋዙና ዘይቱ በተንሳፋፊ ፒስተን ይለያያሉ፤ የጋዙ ግፊት ከ20 ባር ያልፋል። ዘይቱ ያለበት ቱቦ በቀጥታ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ መሪህ ላይም ቶሎ መልስ ይሰጣል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። ግን ጠጣር ነው። ደግሞ ፒስተኑ እዚያው የውጭ ቱቦ ውስጥ ስለሚመላለስ ጠጠር መትቶ ቢያጎደጉደው አለቀለት። ቢ8 ላይ እንዳትሳሳት፤ እሱ ላጠረ ሞላ ነው የተሠራው።

ኮኒ ብዙ ዓይነት አለው። ቢጫው ስፖርት የመመለሻው ጥንካሬ በእጅ ይስተካከላል። ላንተ የሚስማማው ግን ስፔሻል አክቲቭ የሚሉት ነው። ውስጡ ያለው ቫልቭ ፈጣን ንዝረት ሲመጣ ለዘይቱ ተጨማሪ መንገድ ይከፍትለታል፤ በቀስታ ሲያጋድል ግን ይዘጋዋል። ለመኪናህ የሚሆን ካገኘህ እሱን ውሰድ። ካላገኘህ አራቱንም ኤክሴል-ጂ አድርግና ገንዘብህን አትረፍ። አዲስ መደበኛ ሾክ ኩርባ ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ ሰው ይረሳል፤ ለዓመታት ያለቀውን ስለለመደ።

አንዱን ብቻ መቀየር የለም። ቢያንስ ጥንዱን። ግራና ቀኙ ከተለያየ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ወገን ሊጎትትህ ይችላል።

የራሴንም ጉድ ልንገርህ። ወጣት ሆኜ የገዛ መኪናዬ ላይ የኋላ ሾክ ገጠምኩ። መኪናው ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የታችኛውን ቡሎን እስኪበቃው አጠበቅኩት። የሾኩ ዓይን ውስጥ፣ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት ማለቴ ነው፣ ጎሚኒ አለ። መኪናውን ሳወርደው ጎማውን የያዘው ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ቀረ። ሁለት ወር አልቆየም፤ ዙሪያውን ተቀደደ። ሦስት ሰንበት "ሾኩ ፎርጅድ ነው" እያልኩ ሻጩን ስረግም ኖሬ፣ ጥፋቱ የኔው። እንዲህ ያለውን ቡሎን መጀመሪያ ላላ አድርገህ አስገባ። መጨረሻውን የምታጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲጥል ነው።

ቁልፍ 14

ጋሼ ጥሩ ብለዋል። እኔ ገጠማው ላይ ልጨምር፣ ጋራዥ ነው የምሠራው።

የፊቱን ስታስፈታ ሾኩ ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበትን መቀመጫ ጎሚኒና ኩሽኔታውን እይ። ኩሽኔታውን በእጅህ አዙረው፤ አሸዋ እንደገባበት የሚያንሿሿ ከሆነ ይጣል። አዲስ ሾክ ላይ የድሮውን መልሶ የሚገጥም ሰው ያናድደኛል፤ በወሩ "ቋ ቋ ይላል" ብሎ ይመጣል። ማቆሚያውና የአቧራ መከላከያውም አዲስ ይሁኑ። ያለ መከላከያ አቧራው ዘንጉን ይፍቀዋል፣ ዘንጉ ደግሞ ዘይት የያዘውን ጎሚኒ ይበላል።

ዘንጉን በፒንሳ ይዞ ዳዶ የሚያጠብቅ ካየህ አስቁመው። የጭረቷ ቦታ በኋላ የዘይት መውጫ ናት። ባለ ሁለት ቱቦውን ከመግጠምህ በፊት አቁመህ ሦስት አራቴ ጨምቀህ ልቀቀው፤ ተኝቶ ስለሚከርም አየር ይገባበታል። ሞላውን ያለ መጭመቂያ መሣሪያ ማንም እንዳይፈታው፤ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። የፊቱ ከተፈታ በኋላ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ግድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የጎማህን ነፋስ ለክተሃል? ሾክ ሳይገዛ በነፋስ ብቻ የተሻለው ብዙ ነው።

ባለ ኮሮላው

ወይ ጉድ። አሁን ለክቼ መጣሁ። በሩ ላይ ከተጻፈው በ8 ፒኤስአይ ይበልጣል! ነፋስ የሚሞላልኝ ልጅ "ነዳጅ ይቆጥባል" ብሎ ነው። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ፦ የኋላዎቹ ላያቸው ወዛ ብሏል እንጂ አይንጠባጠቡም። ኮፋኖና ባውሌ ተጭኜ ስለቅ ፊቱ ይወዛወዛል፣ ኋላው ግን ይቆማል። የኋላውን ልተወው?

ጡረተኛው መካኒክ

ማላብና ማፍሰስ ይለያያል። አናቱ አካባቢ ስስ ወዝ ችግር የለውም፤ ዘንጉ ሲመላለስ ትንሽ ዘይት ይዞ ይወጣል። ወደ ታች ከወረደ ግን አልቋል። የመጫኑን ፈተና ብዙ አትመነው፤ የሚይዘው ጭራሽ የሞተውን ነው። መኪናው ግን 210 ሺህ ሄዷል፤ ወገቧን የሚያማት እናትህም ከኋላ ነው የምትቀመጠው አልክ፤ ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?

ባለ ኮሮላው

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ስፔሻል አክቲቩ አልተገኘም። አራቱም ኤክሴል-ጂ፣ የፊቱ ሾክ መቀመጫ ጎሚኒና ኩሽኔታ አዲስ፣ ነፋሱም እንደተጻፈው። የድሮውን የፊት ቀኝ መሬት ላይ አቁሜ ዘንጉን ብጫነው ሰጥ ብሎ ገባ፣ እዚያው ቀረ። አዲሱን ስጫነው ታገለኝ፣ ስለቀው በራሱ ቀስ እያለ ወጣ። ፍሬን ላይ መድፋቱ ጠፍቷል። ኩርባ ላይ ስፖርት መኪና አልሆነም፣ ግን ይይዛል። እናቴ አሁንም ጉድጓድ ትቆጥራለች፤ ትላልቆቹን ብቻ።

አንድ ነገር ቀረ። ከኋላ በቀኝ በኩል ጉብታ ላይ "ቋ" ይላል። ጎሚኒው ይሆን? ያጠበቁት መኪናው ከወረደ በኋላ ነው፣ ቆሜ አይቻለሁ።

ቁልፍ 14

ባውሌውን ክፈትና ክሪኩ መታሰሩን እይ።

ባለ ኮሮላው

አልታሰረም 🙈