አሮጌ ጂሌት ወይስ አዲስ መላጫ? ለጀማሪ የቱን ትመክራላችሁ

ናቲ_ሜሪላንድ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር አማክሩኝ እስቲ። ፀጉሬ ጥቅልል ነው፣ በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ ላይ ብጉር የሚመስል ነገር ይወጣና ከዳነ በኋላም ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል፣ የቆዳ ሐኪሟ አምስት ምላጭ ያለውን ካርትሪጅ (አናቱ እንዳለ የሚቀየረውን) ተወውና ባለ አንድ ምላጭ ሞክር አለችኝ። እናም ያቺ ድሮ አባቶቻችን የሚላጩባት ሁለት በኩል ስለት ያላት ምላጭ የምትገባበትን መላጫ ልገዛ ነው። አሁን ሁለት ምርጫ አለኝ፣ አንዱ አዲስ መርኩር 34ሲ ነው፣ የጀርመን። ሌላው እዚህ ሰፈር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ጂሌት ሱፐር ስፒድ ነው፣ እጀታው ሥር ያለውን ሲያዞሩት አናቱ እንደ በር ግራና ቀኝ የሚከፈተው፣ 25 ዶላር ነው ያለኝ፣ አዲሱ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ዋጋው ብቻ ሳይሆን አሮጌው እጄ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ስሜት ራሱ ወደድኩት። ግን የሰው ዕቃ ነው፣ ማን ሲላጭበት እንደኖረ አይታወቅም፣ ምላጩስ እንደልብ ይገኛል ወይ? ደግሞ ዋናው ለቆዳዬ የቱ ይሻላል?

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
ናቲ ወንድሜ ከምላጩ ልጀምርልህ፣ በሱ አታስብ። ጂሌት ፓተንቱን ካገኘበት ከ1904 ወዲህ ምላጩ ቀዳዳው ተለዋወጠ እንጂ ልኩ ያው ስለሆነ ዛሬ የሚሸጠው አስትራ በለው ደርቢ በለው ፌዘር በለው ሱፐር ስፒድህ ላይ ይገባል። አዲስ አበባ እንኳን የትም ሱቅ ብትገባ ምላጭ አታጣም። እዛ አሮጌ ዕቃ ቤት ተጠንቀቅ የምልህ ጀም የሚባለውንና ሺክ ኢንጀክተርን ነው፣ እነሱ የራሳቸው ሌላ ዓይነት ምላጭ ነው የሚፈልጉት፣ በመልኩ ተታለህ እንዳትገዛ።

እኔ አሮጌውን ነው የምመክርህ፣ ምክንያቱም የተሠራበት ነገር። የዛን ጊዜ ጂሌት አብዛኛው ናስ ነው፣ ብራስ የሚባለው፣ ላዩ ላይ ኒኬል ተቀብቶ። ቅቡ ቢለቅ ቢለቅ ከሥሩ ቢጫው ናስ ይታያል እንጂ መላጫው ምንም አይሆንም። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት ግን የአብዛኞቹ አናት ዛማክ ነው፣ ዚንክ የበዛበት ቅልቅል ማለት ነው፣ ላዩ ላይ የተቀባው ክሮም እስካለ ድረስ ቆንጆ ነው፣ ክሮሙ የተሰነጠቀ ቀን ግን ውሃ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል፣ አንዳንዱ ብሎኑ ጋ ተቆርጦ ይቀራል። አዲስ ሆኖ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ከፈለግህ እስቴንለስ መግዛት አለብህ፣ እሱ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው።

ስትገዛ ግን በሩን እይ። ዝጋውና ከፊት ለፊት ወደ መብራት አድርገህ ተመልከት፣ ሁለቱ በሮች እኩል ካልተቀመጡ የወደቀ መላጫ ነው። ከአናቱ ሥር ደግሞ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ፣ ፊደሉ ዓመቱን ነው የሚነግርህ፣ ቁጥሩ ሩብ ዓመቱን። ኤ 1955 ነው፣ ቢ 1956፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ሳሚ_ስቶክሆልም፦
በአክብሮት አልስማማም። ሰውየው የጠየቀው ስለ አንገቱ ነው፣ ሰብሳቢ ሊሆን አይደለም። ለጀማሪ ዋናው ነገር የመላጫው አናት ገራም መሆኑና ምላጩ ሁሌም አንድ ዓይነት አቀማመጥ ላይ መዋሉ ነው። አዲስ ስትገዛ ጎደሎ ከሆነ ትመልሳለህ፣ ከአሮጌ ዕቃ ቤት የገዛኸውን ማን ይቀበልሃል? ደግሞ ያ በር የሚከፈተው ውስጡ ብዙ ነገር አለው፣ የሳሙና ዝቃጭ የስንት ዓመት እዛ ውስጥ ተጋግሮ ታገኘዋለህ። 34ሲ ሁለት ቦታ ይፈታል፣ ታጥበዋለህ በቃ። ዛማክ ያልከው እውነት ነው ግን ውሃ ውስጥ ካልዘፈዘፍከው፣ ካልጣልከው፣ ተላጭተህ አራግፈህ ካስቀመጥከው ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ የኔ ምንም አልሆነም። ባይሆን ከባድ ነው አጭር ነው፣ እጅህ ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ ይዘህ እየው።

ሲስተር_ማርታ፦
እኔ ነርስ ነኝ፣ ስለ ንጽህናው ልበል። ሥጋቱ ያለው ምላጩ ላይ ነው፣ ምላጩን ደግሞ አዲስ ነው የምታስገባው። ቢሆንም ዝም ብለህ እንዳትጠቀምበት፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፣ እሱ ሱቁ ውስጥ ለዓመት የተቀመጠ መላጫ ላይ የሚያሰጋ ባይሆንም ትናንት ማን እንደነካው አታውቅም። ሞቅ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በሮቹን ከፍተህ በጥርስ ብሩሽ በደንብ ፈትገው፣ ቆሻሻው ካልለቀቀ ምንም መድኃኒት አይሠራበትም። ከዛ 70 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ንከረውና አውጥተህ አድርቀው። በረኪና አትጠቀም ብረቱን ይበላዋል፣ የወርቅ ቅብ ያለው ከሆነ ደግሞ አጥብቀህ አትፈትግ ይለቃል። አንተ የገዛኸውንም ለሌላ ሰው አታውስ፣ ለወንድምህም ቢሆን።

ስለ አንገትህ ደግሞ፣ ካርትሪጁ ላይ የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ይጎትተዋል የኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፣ የኛ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ሲያድግ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ እብጠቱ ከዛ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መላጫው አሮጌም ሆነ አዲስ ቆዳህን ወጥረህ፣ ተጭነህ፣ ከታች ወደ ላይ ከላጨኸው ችግሩ አይለቅህም። ገላህን ከታጠብክ በኋላ ፂምህ ሲለሰልስ ተላጭ፣ ፀጉሩ ወደተኛበት ብቻ፣ አንድ ጊዜ። አንገት ላይ ፀጉሩ ወደ ጎን የሚተኛበት ሰው ብዙ ነው፣ ሁለት ቀን አሳድገህ በጣትህ ዳብሰህ አቅጣጫውን እወቅ። ሙልጭ ካላለ ይቅር፣ ትንሽ ቢቀር ይሻላል። አሁን ያበጠው እስኪጠፋ ደግሞ እዛ ቦታ ባትላጭ ጥሩ ነው።

ናቲ_ሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ሲስተር በተለይ፣ ወደ ጎን መተኛቱን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ፣ ከሥሩ ኤፍ 3 ይላል። ቅቡ ጣት የሚያርፍበት ጋ ብቻ ነው ቢጫ የሆነው። ግን ምላጭ ይዤ ሄጄ አስገብቼ ስዘጋው በአንድ በኩል ስለቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል፣ በሌላው በኩል ገባ ያለ ነው። አውጥቼ ገልብጬም አስገባሁት፣ ያው ነው። ሰውየው 18 ልበልህ አለኝ።

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
ኤፍ 3 ማለት 1960 ሦስተኛው ሩብ ነው፣ ዕድሜው ቆንጆ ነበር። ገልብጠኸውም ያው ከሆነ ግን ጥፋቱ የምላጩ አይደለም የበሩ ነው፣ በ18ም በ5ም አትግዛው፣ ወጣ ያለው ጎን ያንተን ዓይነት አንገት ነው የሚልጠው። አሁን ሳሚ ያለው ገብቶኛል፣ በር ያለው ነገር ለጀማሪ ሥጋት አለው። እዛው ሱቅ ጂሌት ቴክ ካለ ጠይቀው፣ በር የለውም፣ ክዳን፣ ሥሩ ያለው ሳህንና እጀታ፣ ሦስት ነገር ብቻ ነው፣ የሚጣመም መሣሪያ የለበትም፣ በጣም ገራም ነው፣ እንደ ሱፐር ስፒድም አይወደድም። ክዳኑ ያልተጣመመ መሆኑን እይ፣ እጀታው ደግሞ ብሎኑ ላይ እስከ መጨረሻው ያለ ችግር መዞር አለበት።

ሳሚ_ስቶክሆልም፦
ቴክ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ካጣህ 34ሲውን ግዛ። የትኛውንም ብትይዝ ምላጭ መጀመሪያ ላይ የተለያየ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ግዛ እንጂ መቶውን ፓኬት እንዳትገዛ፣ ፌዘር ደግሞ በጣም ስለታም ስለሆነ እጅህ እስኪለምድ ይቆይ።