ድምቀቱ 7 የተባለው ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) አይታየኝም፤ 11 የሆነው ኮከብ ግን ይታየኛል። ለምን?

ባለ8ኢንች፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቴሌስኮፔ የመስታወቱ ስፋት 200 ሚሜ የሆነ ዶብሶኒያን (በቀላል መቆሚያ ላይ በእጅ የሚዞር ባለመስታወት ቴሌስኮፕ) ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ 1200 ሚሜ፣ አይፒሶቹ (ዓይን የሚጠጋባቸው ሌንሶች) ባለ30 እና ባለ10 ሚሜ። የምመለከተው አዲስ አበባ፣ ከጣሪያ ላይ ነው። ድምቀቱ 11 የሆነ ኮከብ በባለ10ሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ 7 የተባለ ኮሜት ግን ቦታው ላይ ስደርስ የለም። ቁጥሩ ሲያንስ ይደምቃል አይደል? ደግሞስ በፈረንጆቹ 2023 ኤም 101 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ እንደታየው ያለ ሱፐርኖቫ (የሚፈነዳ ኮከብ) ቢመጣ ከሌላው ኮከብ በምን እለየዋለሁ?

ጨለማ_ወዳጅ፦
ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን የኮሜት ድምቀት የሚሰላው ብርሃኑ በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ቢሰበሰብ ተብሎ ነው። ያው ብርሃን 10 የቅስት ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስድስተኛ) በሚሰፋ ጭጋግ ላይ ሲበተን የከተማው ሰማይ ይውጠዋል። ስለዚህ ለፍለጋ ባለ10ሩን ተወው። ባለ30ው 40 ጊዜ ያጎላል፤ ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ዘንግም 5 ሚሜ ይሰፋል። በባለ10ሩ 1.7 ሚሜ ብቻ ስለሆነ ጭጋጉ ይሳሳል።

ዓይንህ ጨለማ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ አንዴ ስልክ ካየህ እንደገና ከዜሮ ነው። የመንገድ መብራት ካስቸገረህ ጋቢህን አይፒሱ ድረስ ተከናነብ፤ ትንፋሽህ ሌንሱን እንዳያጉም ግን በአፍንጫህ ወደ ታች ተንፍስ። ከዚያ ቱቦውን በጣትህ በቀስታ ነካ ነካ አድርገው። ቆሞ የማይታይ ጭጋግ ሲወዛወዝ ዓይን ይይዘዋል።

ሰዓት_ቆጣሪ፦
እኔ ቦታውንም እጠራጠራለሁ። የኮሜት ሰንጠረዦች የሚወጡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት እዚያ 18፡00 ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ 01፡00። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ከሆነ የፈረንጁ ቀንም እዚያ ገና አልተቀየረም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቀን 3 ዲግሪ የሚሄድ ኮሜት ሰዓቱን በ9 ሰዓት ያህል ብትስት ከ1 ዲግሪ በላይ ይርቃል፤ የባለ30ው እይታ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 1.3 ዲግሪ ገደማ ነው። መሃል ላይ ስትጠብቀው ከእይታው ውጭ ነው ማለት ነው። በምትጠቀምበት ፕሮግራም ያለውን የምህዋር መረጃም አድስ፤ ያረጀ ከሆነ ሰዓቱ ቢስተካከልም አይገኝም።

ጋላክሲ_አሳሽ፦
ወደ ሱፐርኖቫው ልምጣ። ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ያገኘው ያ ሱፐርኖቫ ድምቀቱ 11 አካባቢ ደርሶ ነበር። ኤም 101 በስሌት 8 ቢሆንም በጣም የተበተነ ስለሆነ ከከተማ ጋላክሲው ጠፍቶ ሱፐርኖቫው ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጋላክሲውን ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ኮከቦች ቅርጽ ተከተል። ከአዲስ አበባ ኤም 101 በሰሜን በኩል እስከ 45 ዲግሪ ይወጣል፤ በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከፍተኛው ቦታው ላይ ይደርሳል።

ከአሜሪካ ተለዋዋጭ ኮከቦች ታዛቢዎች ማኅበር የኮከቦቹ ድምቀት የተጻፈበትን ካርታ በነፃ አውጣ። ያንተ ቴሌስኮፕ ምስሉን ስለሚገለብጥ ካርታውን 180 ዲግሪ አዙረው። ቦታውን በባለ30ው አግኝና ወደ ባለ10ሩ ቀይር፤ ሲጎላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጥቡ ግን አይበተንም። እዚያው አጠገብ ያለው ኤንጂሲ 5461 የጋዝ ደመና ነው፤ ብዥ ካለብህ እሱን ይዘሃል። ድንግል በሚባለው ኅብረ ኮከብ ባሉ ጋላክሲዎች ላይ ከሆነ ደግሞ አስትሮይድ ሊያሳስትህ ይችላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰህ ቦታው መለወጡን እይ። ድምቀቱን ለመገመት በ10.8 እና በ11.4 ኮከቦች መካከል እኩል ከሆነ 11.1 ብለህ መዝግብ። ቀይ ኮከብ ላይ ግን አታፍጥ፤ እያፈጠጥክ በሄድክ ቁጥር እየደመቀ ይሄዳል።

ባለ8ኢንች፦
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለኮሜት ተብሎ የሚሸጠው ማጣሪያስ?

ጨለማ_ወዳጅ፦
የሚያሳልፈው የካርቦን ጋዝን አረንጓዴ ብርሃን ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 511 እና 514 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው። በፎቶ ጭንቅላቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣ ኮሜት ላይ ይጠቅማል። ብርሃኑ በአብዛኛው ከአቧራ የመጣ ከሆነ ግን ጅራቱን ያጠፋብሃል፤ ያኔ አውልቀው።