ሲጫኑኝ ኳስ እነጠቃለሁ፣ ግራ እጄም አይታዘዝም፤ ምን ዓይነት ልምምድ ልሥራ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። በትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ፖይንት ጋርድ ነኝ፣ ማለትም ኳሷን ይዤ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ብቻዬን ስሆን ኳስ ማንጠር አይከብደኝም፣ በእግሬ መሃል፣ በጀርባዬ፣ ሁሉንም እሠራለሁ። ጨዋታ ላይ ግን ጠንካራ ተከላካይ ሲጠጋኝ ዓይኔ ኳሷ ላይ ይተከላል፣ ጓደኞቼ ነፃ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ አላያቸውም። በግራ እጄ ጭራሽ አልተማመንም፣ ተጋጣሚዎችም ይህን ስላወቁ ቀኜን ይዘጉብኛል። ቁመቴም አጭር ነው። አሰልጣኛችን "ልምምድ አብዛ" ይለኛል፣ ግን ምኑን ነው የማበዛው? ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፣ አቧራ አያጣውም፣ ኳሷም አልቃ ለስላሳ ሆናለች።

ከዚራ ጥላ፦
አቦ እንኳን ጠየቅክ። በእግር መሃልና በጀርባ የሚባለውን ለጊዜው ተወው። ያንተ ችግር ከእጅህ ይልቅ ዓይንህ ነው። እጅህ ኳሷ የት እንዳለች ሳታይ እስኪያውቅ ድረስ ዓይንህ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም፣ ስለዚህ ስትለማመድ ለዓይንህ ሌላ ሥራ ስጠው። ጓደኛህ ፊት ለፊትህ ቆሞ በጣቱ ቁጥር ያሳይህ፣ አንተ እያነጠርክ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ጥራ። ያ ሲቀልህ በአንድ እጅህ እያነጠርክ በሌላው የቴኒስ ኳስ ወደ ላይ ወርውረህ ቅለብ። ቴኒስ ከሌለ የካልሲ ኳስም ይሠራል።

ደግሞ በመዳፍህ አትምታት፣ በጣቶችህ ግፋት፣ ጠንከር አድርገህ። ብዙ ልጆች ቀስ ብለው ሲያነጥሩ የተቆጣጠሯት ይመስላቸዋል። ቀስ ብላ የነጠረች ኳስ ግን ወደ እጅህ እስክትመለስ ትቆያለች፣ የሚነጥቁህም ያኔ ነው። ተከላካይ ሲጠጋህ ጉልበትህን እጠፍ፣ ኳሷ ከጉልበትህ ብዙም አትውጣ፣ ነፃው ክንድህ በአንተና በእሱ መሃል ይሁን። ብቻ በክንድህ እንዳትገፋው፣ ፋውል ይነፋብሃል።

ሸዋ በር፦
እኔ ሐረር ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ፣ ስለ ግራ እጅ ልጨምርልህ። ልጆቼ ሁሉ ልምምዱን በቀኝ ይጀምሩና ግራው ላይ ሲደርሱ ደክሟቸዋል። አንተ ሳይደክምህ በግራ ጀምር፣ ለቀኝ የምትሰጠውን ጊዜ እጥፍ ስጠው። ሁለተኛ ኳስ ካገኘህ ሁለቱንም እኩል አንጥር፣ ከዚያ እያፈራረቅክ፣ አንዷ ስትወርድ ሌላዋ ስትወጣ። ቀኝህ ግራህን ማገዝ አይችልም፣ ስለዚህ ግራው ሳይወድ በግዱ ይማራል። የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ኮከቡ ስቴፈን ከሪ ከጨዋታ በፊት በሁለት ኳስ ሲያሟሙቅ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፣ ፈልገህ እያቸው።

ቁመትህ አያሳስብህ። መግሲ ቦግስ 160 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 14 የውድድር ዘመን በኤንቢኤ ተጫውቷል። አጭር ሰው ኳሷን ከመሬት ሳያርቅ ስለሚያነጥር ረጃጅሞቹ ጎንበስ ብለው ነው የሚነጥቁት፣ ይኼ ለአንተ ትልቅ ጥቅም ነው።

አሁን በጣም የምወደው ነገር ላይ ደረስን። አለን አይቨርሰን በ1997 እ.ኤ.አ. ማይክል ጆርዳንን በክሮስኦቨር (ኳሷን ከፊቱ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው በፍጥነት በማሻገር) ያለፈበትን ቪዲዮ አይተህ ይሆናል። እጁን ብቻ አትይ፣ ትከሻውን እይ። መጀመሪያ ትንሽዬ ክሮስኦቨር አድርጎ ጆርዳን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አየ፣ ከዚያ ነው ትልቁን የሠራው፣ ጆርዳን ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ሲጥል። ተከላካይ የሚታለፈው ሚዛኑ ሲዛነፍ ነው። ስለዚህ ፍጥነትህን መቀያየር ተለማመድ፤ እየሮጥክ ድንገት ቀዝቀዝ በል፣ ቀና ብሎ ሲዝናና ደግሞ ተነስተህ እለፈው። በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚሮጥ ልጅ የፈለገውን ያህል እጁ ፈጣን ቢሆን ይያዛል።

የመጋላዋ፦
ከዚራ ጥላ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። በጀርባ ማሳለፍ ለታይታ አይደለም። ተከላካዩ ፊት ለፊትህ ገብቶ እጁን ሲሰድ ሰውነትህ ኳሷን የሚከልልልህ በጀርባ ስታሳልፋት ነው። አይተወው፣ ግን ሰው እየተጫነው ይለማመደው።

የሳቢያን ልጅ፣ ሁለት ሆነው ሲያጠምዱህ ምን ታደርጋለህ? ደንግጠህ ኳሷን በሁለት እጅህ ካቀፍካት አበቃ፣ እንደገና ብታነጥር ደብል (ድጋሚ የማንጠር ጥፋት) ነው። ፊትህን ሳታዞር እያነጠርክ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ውጣ፣ ያኔ ነፃው ልጅ ይታይሃል። የመሃል መስመሩን ለማለፍ 8 ሰከንድ አለህ፣ አትጣደፍ። መስመር ዳር ደግሞ አትሂድላቸው፣ እዚያ መውጫ የለህም።

ስለ ሜዳው፣ አቧራውን መጀመሪያ ጥረጉት፣ እርጥብ ጨርቅ አጠገብህ አስቀምጥና ኳሷንም እጅህንም ቶሎ ቶሎ ጥረግ። ነፋሷንም እይ፤ ከራስህ ቁመት ስትለቃት ወገብህ አካባቢ ካልደረሰች ንፋስ ያንሳታል፣ እንደሷ ባለች ኳስ የለመደ እጅ ጨዋታ ቀን ይሳሳታል። ሰዓቱንም ምረጥ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2፣ ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ። ቀትር ላይ በድሬ ሙቀት ሲሚንቶ ላይ መዝለል ራስን መጉዳት ነው፣ ሰፈሩም ተኝቷል፣ የኳስ ድምፅ ያስጮህብሃል።

የሳቢያን ልጅ፦
አቦ ኑሩልኝ! የጣት ቁጥሩን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ዛሬውኑ እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ሁለተኛ ኳስ የማገኘው ከእህቴ ነው፣ የእሷ ደግሞ ቁጥር 6 ናት፣ የኔ 7። መጠናቸው ቢለያይ ችግር አለው?

ሸዋ በር፦
ምንም ችግር የለውም። የሴቶቹ ቁጥር 6 ትንሽ ታንሳለች፣ ቀለልም ትላለች። ትልቋን በግራህ ያዝ፣ ሲለምድ ቀያይራቸው።