23 ጊጋ ፎልደር በ16 ጊጋ ፍላሽ እንዴት ይግባ? ኤክስዜድ ማሽኑን አደረቀብኝ

የገላኑ ኮፒ ቤት፦
ጤና ይስጥልኝ። ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ እሠራለሁ። የደንበኞች ሥራ በአንድ ፎልደር ተጠራቅሞ 23 ጊጋ ደርሷል። ውስጡ የተተየበ ጽሑፍ፣ ስካን የተደረገ ሰነድ በጄፔግ፣ አንዲት ተማሪ ለመመረቂያዋ የቀዳቻቸው ቃለ መጠይቆች በዌቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አሉ። እጄ ላይ ያለው ፍላሽ 16 ጊጋ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ኮሩ 4፣ ሲስተሙ ኡቡንቱ 20.04።

ሁሉንም በታር (ብዙ ፋይል ወደ አንድ በሚሰበስበው) ጠቅልዬ ኤክስዜድን፣ ፋይል ጨማቂውን ፕሮግራም፣ በ«ሰረዝ 9» እና «ሰረዝ ትልቁ ቲ ዜሮ» አስጀመርኩት፤ ማሽኑ ድርቅ አለ፣ ማውዙ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። ትልቁን ቲ አውጥቼ ስሞክር ደግሞ ሲንፏቀቅ ቆይቶ መካከል ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። ሲፈታ ባይት በባይት ያው ሆኖ መመለስ አለበት፤ የሰው ንብረት ነው። ከስልክ ስለምጽፍ ትእዛዞቹን በአማርኛ ጻፉልኝ፣ እኔ እመልሳቸዋለሁ።

ጥቁር መስኮት፦
የደረቀበት ምክንያት ራም ነው። ኤክስዜድ በደረጃ 9 ለመጨመቅ 674 ሜጋ ገደማ ራም ይፈልጋል። ትልቁ ቲ ዜሮ ማለት «ያለውን ኮር ሁሉ ተጠቀም» ስለሆነ ይኸው ፍላጎት በ4 ይባዛል፣ እንዲያውም ከዚያ ያልፋል። ባንተ እትም ላይ ደግሞ ከራም አንጻር የሚገታው ነገር የለም፤ አዲሶቹ ራሳቸው ይቆጥባሉ። ያለ ቁጥር ብትተወው ደረጃው 6 ነው፣ 94 ሜጋ ይበቃዋል።

የሰበታዋ፦
ቆይ፣ ደረጃ ከመምረጡ በፊት የትኛው ዓይነት ስንት ጊጋ እንደሆነ ንገረን። ጄፔግ ራሱ የተጨመቀ ነገር ነው፤ ተጨምቆ ያለቀ ሎሚ ደግመህ ብትጨምቀው እጅህን ነው የምታደክመው። ዶክኤክስም ያው፣ ውስጡ ዚፕ ነው። ካላመንክ ስሙን ወደ ዚፕ ቀይረህ ክፈተው።

የገላኑ ኮፒ ቤት፦
ዌቩ 15 ጊጋ፣ ጄፔጉ 5፣ ጽሑፉ 3። ከጽሑፉ አብዛኛው ተራ ቲኤክስቲ ነው።

የሰበታዋ፦
እንግዲያው ነገርህ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ኤክስዜድም ሌላው ጨማቂ ጂዚፕም የድምፅን ሞገድ አያውቁም፤ ተመሳሳይ የባይት ተርታ ነው የሚፈልጉት፣ ማይክ የቀዳው ድምፅ ደግሞ እንደዚያ አይደጋገምም። ለዚህ የተሠራው ፍላክ ነው። የሚቀጥለው ናሙና (ድምፁ በየቅጽበቱ የሚመዘገብበት ቁጥር) ምን እንደሚሆን ከቀደሙት ይገምትና የሳተውን ልዩነት ብቻ ያስቀምጣል። ሪከርደሩ በስቴሪዮ ቀድቶ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሆነ ሁለተኛው ጎን ምንም ያህል ቦታ አይወስድም። «ፍላክ ሰረዝ 8» በል፣ ከዚያ የኮከቡን ምልክት፣ ነጥብ፣ ዌቭ። ከ0 እስከ 8 ያለው ደረጃ መጠንና ጊዜ እንጂ ድምፁን አይነካም።

አዛውንቱ፦
ልጄ፣ «ባይት በባይት» ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር። ፍላክ ድምፁን ያለ ጉድለት ይጠብቃል፤ አንዳንድ ሪከርደር ግን በዌቩ ራስጌና ግርጌ ቀንና የመሣሪያ ስም ይጽፋል፣ ፍላክ ያንን ጥሎ ያልፋል። እንዳይጥለው «ሰረዝ ሰረዝ ኪፕ ሰረዝ ፎሪን ሰረዝ ሜታዳታ» ጨምርበት። ስትፈታም ይህንኑ መጻፍ አለብህ፣ አለዚያ ፋይልህ ቢሰማም ከዋናው ጋር አይገጥምም።

ሌላው፣ ሁሉን በአንድ ታር መጠቅለሉን ተወው። ፍላክ ፋይል በፋይል ነው የሚሠራው። መብራት ቢሄድ የሚበላሸው በእጁ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ያንን የተቆረጠ ፍላክ አጥፍተህ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግመው ያለቁትን «አለ» እያለ ያልፋቸዋል። ዋናውን ዌቭ አይነካም። ኤክስዜድና ጂዚፕ ግን ሲጨርሱ ዋናውን ያጠፋሉ፣ «ሰረዝ ኬ» ካላልካቸው።

ጥቁር መስኮት፦
ለቲኤክስቲው ዜድስታንዳርድ የሚባለው ጨማቂ ይሻልሃል፤ ያን ኮሌ ፌስቡክ ሳለ የሠራው፣ 1.0 በ2016 የወጣው። ጽሑፎቹን ብቻ በታር ወደ ቧንቧ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብለው የቁም መስመር ምልክት) ስደድና በራሱ በዜድስታንዳርድ ትእዛዝ፣ በ«ዜድ ኤስ ቲ ዲ ሰረዝ 19»፣ ተቀበለው። መብራቱን ካላመንከው 12 አድርገው፣ ቶሎ ያልቃል። ሲፈታ በየትኛውም ደረጃ ፈጣን ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ለመጨመቅ የተመቸ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ ከሀ እስከ ፐ ባሉት ሁሉ የመጀመሪያው ባይት ያው አንዱ ነው፣ ሁለተኛውም ከ6 ዓይነት አያልፍም። ማለት ከፊደሉ ሁለት ሦስተኛው ለጨማቂው ገና ከመነበቡ የታወቀ ያህል ነው።

ካራቆሬ፦
ጄፔጉንስ ጄፔግ ኤክስኤል ወደሚባለው አዲስ የምስል ዓይነት ቢለውጠው? 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ተመልሶም ያንኑ ጄፔግ ባይት በባይት ይሰጣል።

የሰበታዋ፦
ይሰጣል፣ ግን ኡቡንቱ 20.04 የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ ስለሌለ ከሌላ ማምጣት ይኖርበታል። ለ1 ጊጋ ብሎ ደንበኛ የማይከፍተው ፋይል መያዝ ለኮፒ ቤት አይሆንም። እንዳለ ይገልበጠው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ኤክስዜድ ውስጥ የጀርባ በር (የተደበቀ ሰርጎ መግቢያ) ተገኘ ተብሎ አልነበር እንዴ?

ጥቁር መስኮት፦
በመጋቢት 2024 እንደ ፈረንጆቹ፣ እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ። የሱ 5.2 ነው፣ አይመለከተውም።

የገላኑ ኮፒ ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ! ድምፁ ከ15 ጊጋ 6 ሆነ፤ ስቴሪዮ ተብሎ በአንድ ማይክ የተቀዳ ነበር። ጽሑፉ ከ1 ጊጋ በታች ወረደ። አሁን ሁሉም ይገባል። ጋሼ፣ ዋናውን ከላፕቶፑ ከማጥፋቴ በፊት እንዴት ላረጋግጥ?

አዛውንቱ፦
መጀመሪያ ፍላሹን በ«አንማውንት» አውጥተህ መልሰህ ሰካው፣ አለዚያ የምታነበው ከራም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፍላሹ ላይ ባሉት ፋይሎች «ፍላክ ሰረዝ ቲ» እና «ዜድ ኤስ ቲ ዲ ሰረዝ ቲ»፣ ሁለቱም በትንሹ ቲ። አንዱን ዌቭ ደግሞ ፈትተህ ከዋናው ጋር በ«ሲ ኤም ፒ» አስተያየው፤ ምንም ካልተናገረ ገጥሟል። የፍላሹ ፎርማት ፋት 32 ከሆነ አንድ ፋይል 4 ጊጋ መድረስ አይችልም፤ አሁን እንዲያ የሚያክል የለህም። የተማሪዋን ግን ሌላ ፍላሽ እስክትገዛ ከላፕቶፑም አታጥፋው።