ጀልባ ባለበት ሄዶ የመጠገን ሥራ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ
ቅዳሜ በተስማማነው መሠረት የረቂቁን ፍሬ ነገር አስፍሬአለሁ። ማኅበሩ አንድ ፒክአፕ፣ ሁለት መካኒኮችና የተሟላ የመሣሪያ ሣጥን አዘጋጅቶ፣ በቢሾፍቱዎቹ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች እንዲሁም በቆቃ ሐይቅ ለሚሠሩ ባለጀልባዎች ሞተራቸው ባለበት ዳርቻ ድረስ ሄዶ ጥገና ይሰጣል። ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ከተወጣ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ቆቃም ከሞጆ ብዙ አይርቅም። መነሻ ገንዘቡ ከተቀማጩ ይወጣል ወይስ እናዋጣለን የሚለው ሳይወሰን ረቂቁ ለአበዳሪው አይቀርብም። እስከ ሐሙስ ጻፉ።

አባል፣ ከገላን
ወደ ዳርቻው መሄዳችን ለምን የግድ እንደሆነ ረቂቁ በበቂ አላብራራም፤ አበዳሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን እሱን ነው። የጀልባ ሞተር እንደ መኪና በደረቅ መሬት አስነስተው የሚያዳምጡት አይደለም። የማቀዝቀዣ ፖምፓው የላስቲክ ክንፎች ውሃ ካላገኙ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መቃጠል ይጀምራሉ። በርሜል ውስጥ ነክረን ብናስነሳውም ሰው ጭኖ ውሃ ሲገፋ የሚያሳየውን ሕመም አያሳየንም። ቆቃ ላይ ደግሞ እምቦጩ የውሃ መሳቢያውን ቀዳዳ ይደፍንና ሞተሩ ይግላል፤ ጋራዥ ሲደርስ ቀዳዳው ጸድቶ ስለሚመጣ እኛ ያለ ጥፋቱ ካርቦሬተሩን እንፈታለን።

ባለፈው ክረምት የመጣልንን ሞተር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን የሞተሩን የታችኛውን እግር ዘይት ስናፈስ ወተት የተጨመረበት ቡና መስሎ ወጣ። ፕሮፔለሩን ስናወልቅ ከበስተኋላው የዓሣ መረብ ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ፓራኦሊዮውን፣ ማለትም ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን የላስቲክ ቀለበት፣ በልቶታል፤ ውሃው የገባው በዚያ ነበር። ክሩ በጊዜው ዳርቻው ላይ ቢወጣ ኖሮ በእግሩ ውስጥ ያሉት የማርሽ ጥርሶች ባልዛጉ ነበር። ስለዚህ ረቂቁ ጥገና ብቻ ሳይሆን በየጊዜው የሚደረግ ምርመራንም ማካተት አለበት፦ የፖምፓውን ላስቲክ በየዓመቱ መቀየር፣ የእግሩን ዘይት ማየት፣ ካንዴላውን መፈተሽ። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅለው በሚሠሩት ሞተሮች ላይ አብዛኞቹ አምራቾች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ያዛሉ፤ ዘይቱም ለጀልባ ሞተር የተሠራው እንጂ የሞተር ሳይክሉ መሆን የለበትም።

አባል፣ ከዱከም
የገላኑ ወንድማችን የጻፈው ትክክል ነው። እኔ ግን በረቂቁ ተራ ቁጥር 7 ላይ «ባለጀልባው ምሳ ካቀረበ የዕለቱ የምሳ አበል አይከፈልም» የሚለውን አልቀበልም። የሰው ግብዣ የማኅበሩን ግዴታ አያስቀርም። ይህ ቁጥር ካልወጣ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ
የአምናው የጄኔሬተር ሥራ ትርፍ የት እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ አበል በላው። ምሳ የበላ ሰው ድጋሚ የምሳ ገንዘብ የሚቀበልበት ምክንያት አይታየኝም። ቁጥሩ ይቆያል።

አባል፣ ከቃሊቲ
ሐይቅ ዳር የሚቀርበው ምሳ ዓሣ ነው። በጾም ቀን ዓሣ የሚበሉ አባላት አሉ፤ የማይበሉም አሉ፤ እኔ ከማይበሉት ነኝ። ባለጀልባው ዓሣ ጠብሶ ቢያቀርብልኝና ባልበላ፣ ምሳ ቀርቧል ተብሎ አበሌ ይቀራል ማለት ነው? «ካቀረበ» የሚለው «ከበላ» ተብሎ ይስተካከል።

ገንዘብ ያዥ
ማን እንደበላና ማን እንዳልበላ የሚያጣራ ሰው አብሬ ልላክ?

አባል፣ ከዱከም
በአምናው ሥራ ከሄዱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ «አበል በላው» የተባለው ለማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ሦስት ቀን በዝናብ ጭቃ ላይ ተኝቼ የሠራሁበትን ሒሳብ በደረሰኝ አስረክቤአለሁ። ገንዘብ ያዡ ጥርጣሬ ካላቸው ሰነዱን አውጥተው በጉባኤ ይናገሩ እንጂ በጎን አይውጉኝ።

አባል፣ ከአቃቂ
መለዋወጫ የምሸጠው እኔ ስለሆንኩ ይህን ልጠይቅ፦ የፖምፓ ላስቲኩንና ፓራኦሊዮውን በየሞተሩ ዓይነትና የፈረስ ጉልበት ለይቼ ማዘዝ አለብኝ፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። በሦስቱ ሐይቆች ላይ ያሉትን ሞተሮች ዓይነት መዝግቦ ለማምጣት ሁለት ሰዎች ቅዳሜ ፈቃደኛ ሆነው ነበር። ዝርዝሩ የታለ? ስለ ምሳ የተጻፈውን ያህል ስለ እሱ አንድ መስመር አላየሁም።

አባል፣ ከቃሊቲ
እህታችን እውነትዋን ነው፤ ነገር ግን አበሉ ካልተወሰነ ለምዝገባውም ማን ይሄዳል?

ሊቀመንበር
ይብቃ። ከዱከም የጻፍከው ወንድሜ፣ የአምናው ሒሳብ በኦዲት አልፏል፤ ስምህን ያነሳ የለም፤ ገንዘብ ያዡም ያንን ቃል ዳግም እንዳይጠቀሙ። ቁጥር 7 ወጥቶ «የምሳ አበል በጉዞ ቀን ይከፈላል» በሚል ይተካ።

ገንዘብ ያዥ
ከሊቀመንበሩ ቃል አልወጣም። ሆኖም አበሉ በዚህ መልክ ከሆነ የጉዞ ቀን መቀነስ አለበት፤ በሳምንት ሁለት ቀን የተባለው ወደ አንድ ይውረድ።

አባል፣ ከዱከም
ነገሩን ከዚህ በላይ አልገፋውም። እፈርማለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ፒክአፑን እሰጣለሁ ያሉት የሰበታው አባል እስካሁን አልመለሱልኝም፤ ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሱም። መኪና ከሌለ ረቂቁ በምን ይቆማል?

አባል፣ ከቃሊቲ
መኪናው ከቀረ በሞተር ሳይክል አንድ መካኒክና ትንሽ ሣጥን መላክ ይቻላል። እንዲያ ከሆነ ግን ከባድ የጀልባ ሞተር አውርዶ መፍታት አይታሰብም። ለምን የመስኖ ውሃ መሳቢያ ፖምፕ ጥገና አንጨምርም? ከሞጆ እስከ ቆቃ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ሁሉ ፖምፕ አለው። ካንዴላና ካርቦሬተር እዚያም አለ፤ እምቦጩም የሚደፍነው ያንኑ መሳቢያ ነው። ጀልባ በሰንበትና በበዓል ነው የሚንቀሳቀስ፤ ፖምፕ ግን በበጋ ዕለት ዕለት ይሠራል።

ገንዘብ ያዥ
ይህ የሚያዋጣ ሐሳብ ነው። አበዳሪውም ስለ መስኖ ሲሰማ ጆሮ ይሰጣል።

አባል፣ ከገላን
ፖምፕ የሚጠግን በየገበያው አለ፤ የጀልባ ሞተር በወጉ የሚያውቅ ግን በአካባቢያችን ጥቂት ነው፤ ሥራውን ያሰብነውም በዚህ ምክንያት ነበር። በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ሐይቅ ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው ሞተሩ ደክሟል ብሎ ባለጀልባውን አላስፈላጊ ወጪ ውስጥ ይከተዋል፤ ለከፍታው የሚስማማ ፕሮፔለር ቢገጠምለት ግን ይስተካከል ነበር። ሐይቅ መሐል ሞተር ሲጠፋ ደግሞ በጀልባው ላይ ሰው አለ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
የተሻሻለውን ረቂቅ አያይዣለሁ። ርዕሱ «የመስኖ ፖምፕና አነስተኛ ሞተሮች የመስክ ጥገና» ሆኗል፤ የጀልባው ሥራ በመጨረሻው አንቀጽ «እንደ አስፈላጊነቱ» በሚል ገብቷል፤ ጉዞው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሐሙስ ድምፅ እንሰጣለን።

አባል፣ ከአቃቂ
የፖምፖቹም ዓይነት ይመዝገብ። ማን ይመዘግባል?

አባል፣ ከገላን
«እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ይውጣ፤ ካልወጣ ሐሙስ በተቃውሞ ድምፅ እሰጣለሁ። ለሦስቱ ሐይቆች የሚሆን የፖምፓ ላስቲክና ፓራኦሊዮ መግዣ በበጀቱ ውስጥ ራሱን ችሎ ይቀመጥ። የሞተሮቹን ዓይነት እሑድ ቢሾፍቱ ወርጄ ራሴ እመዘግባለሁ፤ ቆቃን የሚይዝ ሰው ካለ ከሐሙስ በፊት ያሳውቀኝ።